የገጠር አነስተኛ ትምህርት ቤት በጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች በተለይ ከ300 የማይበልጥ ተማሪ ላላቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን፣ ለወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት (ወተመህ) እና ለቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አባላት የተጻፉ ናቸው። የመመሪያ ዝርዝር ከክልል ክልል ይለያያል። የገንዘቡ አካሄድና የሚበላሽበት ቦታ ግን በየትም ወረዳ ይመሳሰላል።

ወረዳው «በጀት አላችሁ» ይላል፤ እኛ ግን በእጃችን የገባ ብር የለም። ማን ነው ትክክል?

ሁለታችሁም። በወረዳው መዝገብ የበጀት ባለቤት ሆኖ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በእሱ ሥር ነው። ለትምህርት ከተያዘው መደበኛ በጀት ትልቁ ድርሻ ደመወዝ ስለሆነ ገንዘቡ በፑል (የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ በጋራ በሚይዘው የገንዘብ ክፍል) በኩል በቀጥታ ለመምህራን ይከፈላል። እናንተ ጋ የሚደርሰው የፔሮል ፊርማ ብቻ ነው።

የገንዘቡ መንገድ እንዲህ ነው። የፌዴራል ድጎማ ለክልሎች የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ነው፤ ሥልጣኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 ንዑስ አንቀጽ 7 የተሰጠ ነው። ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር ለወረዳዎች ያከፋፍላል። ይህ አሠራር በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ወረዳ ድረስ ወርዷል። ወረዳ የሚደርሰው ገንዘብ ብሎክ ግራንት ይባላል፤ «ይህ ለትምህርት፣ ያ ለጤና» የሚል ምልክት ሳይኖረው በጥቅሉ የሚመጣ ማለት ነው። ለየሴክተሩ የሚያካፍለው የወረዳው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ «መንግሥት ለትምህርት የመደበው ገንዘብ ወረዳ ላይ ቀረ» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ዒላማውን ይስታል። ገንዘቡ ቀድሞውኑ ለትምህርት ተብሎ አልመጣም፤ ምክር ቤቱ ሲያከፋፍል ግን የእናንተን ጉዳይ የሚያነሳ ሰው በአዳራሹ አልነበረም።

ስንት ዓይነት ገንዘብ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው?

አራት ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ሕግ አለው። አንደኛው ደመወዝ ነው፤ ትምህርት ቤቱ አይነካውም። ሁለተኛው ከወረዳው በጀት የሚመደብ የሥራ ማስኬጃ ሲሆን በገንዘብም በዕቃም ሊመጣ ይችላል፤ ጠመኔ፣ ወረቀትና የፈተና ማባዣ ወረዳው በጅምላ ገዝቶ ሲያከፋፍል ያያችሁት እሱ ነው። ሦስተኛው በተለምዶ ስኩል ግራንት የምንለው በተማሪ ቁጥር የሚሰላ የትምህርት ቤት ድጎማ ነው፤ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ሲጀመር በስፋት የታወቀው ይህ ነው። አራተኛው የውስጥ ገቢና የኅብረተሰብ መዋጮ ነው።

አንዱን ከሌላው ጋር በአንድ መዝገብ መቀላቀል ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። የሣር ሽያጭ ገንዘብና የድጎማ ገንዘብ በአንድ የባንክ ሒሳብ ቢቀመጡም እንኳ በመዝገብ ላይ ለየብቻ ገቢ፣ ለየብቻ ወጪ ሊሆኑ ይገባል። ሒሳብ ሹም ከሌላችሁ ደመወዝ በእጃችሁ ስለማያልፍ ለቀሩት አንድ ወፍራም ደብተር ለሦስት ከፍሎ መያዝ ይበቃል፤ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

በተማሪ ቁጥር የሚሰላው ድጎማ ትንንሽ ትምህርት ቤቶችን ይጎዳል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በስሌት ይታያል። ለማሳያ ያህል ለአንድ ተማሪ 50 ብር እንበል። 230 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት 11,500 ብር ያገኛል። 1,150 ተማሪ ያለው 57,500 ብር ያገኛል። በነፍስ ወከፍ እኩል ናቸው። አሁን በክፍል እናስላው። ትንሹ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ስምንት ምድብ (የመማሪያ ክፍል) አለው፤ ትልቁ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይዞ 23 ምድብ አለው። ለትንሹ በአንድ ምድብ 1,437 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሰዋል፤ ለትልቁ 2,500 ብር።

ወጪ ደግሞ የሚከተለው ተማሪን ሳይሆን ምድብን ነው። ጠመኔን ተመልከቱ። ስምንት ምድብ፣ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ፍሬ ብንል በቀን 96 ፍሬ ይሆናል፤ መቶ ፍሬ የሚይዘው ፓኬት በየቀኑ ሊያልቅ ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። ለ200 የትምህርት ቀን 192 ፓኬት ያስፈልጋል። በክፍሉ 29 ልጅ ተቀመጠ 50፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ያው ነው። ርዕሰ መምህሩ ወረዳ ከተማ ለስብሰባ የሚመላለስበት ትራንስፖርትም ትምህርት ቤቱ ትንሽ ስለሆነ አይቀንስም፤ እንዲያውም ትንንሾቹ ከመንገድ የራቁት ናቸው።

መፍትሔው የወረዳው የሥራ ማስኬጃ ሲከፋፈል «መነሻ ሲደመር የተማሪ ቁጥር» የሚል ስሌት መጠየቅ ነው። ለምሳሌ ለየትምህርት ቤቱ 6,000 ብር መነሻ፣ ከዚያ በላይ በተማሪ 30 ብር ቢሆን ትንሹ 12,900፣ ትልቁ 40,500 ብር ያገኛሉ። የድጎማውን ተመን ወረዳው መለወጥ አይችልም፤ የራሱን ሥራ ማስኬጃ አከፋፈል ግን ይችላል። ጥያቄውን ከነስሌቱ በአንድ ገጽ ጽፎ ማቅረብ «በጀት አነሰን» ብሎ ከመጮህ ይሻላል።

የመምህር ጥያቄያችን «የተማሪ መምህር ጥምርታችሁ ዝቅተኛ ነው» እየተባለ ይመለሳል። ምን እናድርግ?

መለኪያውን ቀይሩ። የአገሪቱ መስፈርት ለመጀመሪያ ደረጃ 1 ለ 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 1 ለ 40 ነው። 230 ተማሪን ለ50 ብታካፍሉ አምስት መምህር ይበቃል ይላል። ነገር ግን ስምንት ክፍል አላችሁ።

ክርክሩን በክፍለ ጊዜ ጫና አቅርቡት። ከ1ኛ እስከ 4ኛ አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት የሚሰጥበት አሠራር (ሰልፍ ኮንቴንድ) ከተከተላችሁ አራት መምህር ይወስዳል። ከ5ኛ እስከ 8ኛ አራት ምድብ በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ቢኖራቸው 120 ክፍለ ጊዜ ነው፤ አንድ መምህር 25 ቢይዝ 4.8፣ ማለትም አምስት መምህር። ድምሩ ዘጠኝ። በዚህ ስሌት የመጣ ጥያቄ ለመመለስ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ጽሕፈት ቤቱ ራሱ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ያጸደቀው ነው። ዘጠኙን ካላገኛችሁ ቀጣዩ አማራጭ ጥምር ክፍል (አንድ መምህር ሁለት ክፍል አንድ ላይ የሚያስተምርበት) ነው፤ ይህንንም በዕቅድ አድርጉት። ጥቅምት ላይ መምህር ሲጎድል በድንገት የሚደረግ ጥምር ክፍል ለሁለቱም ክፍል ኪሳራ ነው።

ሌላም ነገር አለ። መምህር ሲዛወር መደቡ የእናንተ እንደሆነ ይቀራል ብላችሁ አትተማመኑ። ክፍት መደብ በዓመቱ ሳይቀጠርበት ከቆየ በቀጣዩ በጀት ሊታጠፍ ይችላል። ዝውውሩ በተፈጸመ ሳምንት የምትክ ጥያቄ በደብዳቤ ይግባ፤ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም ይኑርበት።

የሚሰላው የየትኛው ዓመት ተማሪ ቁጥር ነው?

በትምህርት መረጃ ቅጹ (ኢሚስ) የተመዘገበው፣ ብዙ ጊዜም ያለፈው ዓመት ነው። ስለዚህ ዘንድሮ 40 ልጅ ቢጨምርላችሁ ገንዘቡ የሚከተለው ዘግይቶ ነው። ቅጹን ለአንድ መምህር «ሙላው» ብሎ መጣል ውድ ስህተት ነው፤ አንድ ገጽ ሳይሞላ ከቀረ የአንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ ከስሌት ሊወጣ ይችላል። ስም ጠሪው መምህር ከስም መጥሪያው፣ ርዕሰ መምህሩ ከመዝገቡ ለየብቻ ቆጥረው ካመሳከሩ በኋላ ይላክ። ቁጥር ማጋነንም አያዋጣም፤ በመስክ ቆጠራ ልዩነት ከተገኘ ለቀጣዩ ዓመት የሚታመን የለም። ያቋረጠ ልጅ ያቋረጠ ተብሎ ይመዝገብ።

ድጎማውን ለምን ለምን ማዋል ይቻላል?

በትምህርት ቤት ማሻሻያ ዕቅዳችሁ ውስጥ ለሰፈረ ነገር ብቻ። ዕቅዱ በአራት ዓበይት ርዕሶች የተከፈለ ነው፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ቤት ሁኔታና አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ትልቁ ድርሻ ለመማር ማስተማር መሆን አለበት። ለየርዕሱ የሚፈቀደው መቶኛ በዓመቱ መመሪያ ይገለጻልና ያለፈውን ዓመት ቁጥር ገልብጣችሁ አታቅዱ።

ደመወዝ፣ የደመወዝ ማሟያ፣ ብድር፣ የግብዣ ወጪ ከዚህ ገንዘብ አይከፈልም። ከሁሉ በላይ የሚያጣላው የውሎ አበል ነው። ለዕቃ ግዥ ሦስት ሰው ሦስት ቀን ወረዳ ከተማ ከርሞ አበሉ ከዕቃው ዋጋ ሲበልጥ አይተናል። ሁለት ሰው፣ አንድ ቀን፣ የዕቃ ዝርዝሩ አስቀድሞ ተጽፎ መሄድ አለበት።

የበጀት ኮድ ለምን ያስጨንቀናል? ዕቃው ለትምህርት ቤት እስከሆነ ድረስ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ልዩነቱ ሒሳቡ መወራረድ አለመወራረዱ ነው። ከወረዳ በጀት የሚወጣ ገንዘብ በሒሳብ መደብ ይያዛል። በ61 የሚጀምረው የሰው ኃይል ወጪ ነው፤ 6111 ደመወዝ፣ 6131 የጡረታ መዋጮ። በ62 የሚጀምረው ዕቃና አገልግሎት ነው፤ 6212 አላቂ የቢሮ ዕቃ፣ 6213 ሕትመት፣ 6215 አላቂ የትምህርት ዕቃ፣ 6231 ውሎ አበል፣ 6232 ትራንስፖርት፣ 6244 የሕንፃና የቁሳቁስ ጥገና። በ63 የሚጀምረው ቋሚ ንብረትና ግንባታ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዴስክ ነው። የተሰበረ ዴስክ በአናጺ ማስጠገን 6244 ነው። አዲስ ዴስክ መግዛት ግን 6314 ነው፤ ቋሚ ዕቃ ስለሆነ። ለጥገና የተያዘውን ገንዘብ ይዛችሁ አዲስ ዴስክ ገዝታችሁ ብትመጡ ፑሉ ሰነዱን ይመልሰዋል፤ ዴስኩ ክፍል ገብቶ ልጆች ተቀምጠውበት እንኳ። ጠመኔ 6215 ነው፤ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ወረቀት 6212 ነው፤ የፈተና ወረቀት ማባዣ ቤት አሠርታችሁ ከሆነ 6213 ነው።

ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል?

ከመግዛት በፊት ከሆነ ይቻላል፤ ከገዙ በኋላ አይቻልም። ዝውውሩ በጽሑፍ ይጠየቃል፣ ሥልጣን ያለው አካል ያጸድቃል፣ ከዚያ ይገዛል። በፌዴራሉ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 የካፒታል በጀት ወደ መደበኛ በጀት አይዛወርም፤ የክልል ሕጎችም በአመዛኙ ይህንኑ ይከተላሉ። በተግባር፦ ለአዲስ ክፍል ግንባታ የተያዘ ገንዘብ ለጠመኔ አይሆንም፤ ግንባታው ቢቋረጥም።

በስኩል ግራንት ላይ የዕቅድ ለውጥ የሚደረገው በወተመህና በቦርዱ ቃለ ጉባኤ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ «ለልዩ ልዩ» የሚል ቃል ካለ እንደሌለ ቁጠሩት። ምን፣ ስንት፣ በስንት ብር፣ ከየትኛው ተቀንሶ የሚለው በቁጥር ይጻፍ።

ሦስት ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) አምጡ እንባላለን፤ እኛ ባለንበት ከተማ ግን ያለው አንድ ሱቅ ነው።

ወደ ቀጣዩ ከተማ ሄዶ መሰብሰብ አንዱ አማራጭ ነው፤ ለ2,000 ብር ዕቃ ሲባል ግን ትራንስፖርቱ ይበልጣል። ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከሉ (ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን በሚያስተባብረው ትምህርት ቤት) በኩል ዝርዝራቸውን አሰባስበው አንድ ላይ ዋጋ ቢያስቀርቡ ፕሮፎርማውም በአንድ ጉዞ ይሰበሰባል፣ ነጋዴውም ዋጋ ይቀንሳል። ደረሰኙ ግን ለየትምህርት ቤቱ ስም ለየብቻ ይቆረጥ፤ በአንድ ደረሰኝ የተገዛን ዕቃ በኋላ ለአምስት ትምህርት ቤት ማከፋፈል የኦዲት እሾህ ነው።

ሦስት ፕሮፎርማ የሚጠየቅበትን የገንዘብ ገደብ ለማምለጥ ግዥን መቆራረጥ ክልክል ነው፤ ያስታውቃልም። በተከታታይ ሦስት ቀን ከአንድ ሱቅ የተቆረጠ ሦስት ደረሰኝ ኦዲተር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ሦስቱ ፕሮፎርማ በአንድ እጅ ጽሑፍ መምጣትም እንዲሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ተመልከቱ። ሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለው? ደረሰኙ ላይ የተጻፈው የትምህርት ቤቱ ስም ነው ወይስ የርዕሰ መምህሩ? ቅድመ ግብር ተቀናሽ (ለሻጩ ከሚከፈለው ላይ ተቀንሶ ለመንግሥት የሚገባ ግብር) አለበት? የሚቀነስበትን የገንዘብ መነሻና መጠን ከገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ጠይቃችሁ ሂዱ፤ ሳይቀነስ የተከፈለ ግብር በኋላ የሚጠየቀው ከከፋዩ ነው።

ዕቃው ሲደርስ በሞዴል 19 ገቢ ይሁን፣ ሲጠየቅ በሞዴል 20፣ ሲወጣ በሞዴል 22። ለጠመኔም ጭምር። ሦስት መምህር ባለበት ትምህርት ቤት ይህ ቧልት ይመስላል፤ ነገር ግን ሞዴል 19 ከሌለ ዕቃው መገዛቱን እንጂ መድረሱን የሚያሳይ ወረቀት የለም።

የትምህርት ቤቱን ሣርና ባሕር ዛፍ ሽጠን ገንዘቡን መጠቀም እንችላለን?

ትችላላችሁ፤ ለብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ከድጎማው የሚበልጥ ገቢ ይህ ነው። ኪሳራው የሚመጣው በሽያጩ አካሄድ ነው።

ሣር ታጭዶ ተከምሮ ከሚሸጥ ይልቅ በቁሙ ቢሸጥ ይሻላል፤ የአጨዳ ወጪውንና የዝናብ ጉዳቱን ገዢው ይሸከማል። መስከረም መጨረሻ ላይ ኮሚቴው ግቢውን ዞሮ ይገምታል፣ መነሻ ዋጋ ይያዛል፣ ማስታወቂያ በቀበሌውና በገበያ ቀን ይለጠፋል፣ ጨረታው በሕዝብ ፊት ይከፈታል። አሸናፊው ማጭድ ከማንሳቱ በፊት ይክፈል፤ «ሽጬ እከፍላለሁ» የተባለበት ሣር ብዙ ጊዜ ተበልቶ ያልቃል፣ ገንዘቡ ግን አይመጣም። አጭዶ የሚያነሳበት ቀን በውሉ ላይ ይጻፍ፤ አለዚያ ከብቱ እስከ ኅዳር ግቢ ውስጥ ይከርማል።

ባሕር ዛፍ ሲሸጥ በእግር (በግንድ ቁጥር) መቁጠርና በቀለም ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። «ከአጥሩ ወዲህ ያለው በሙሉ» የሚል ውል የጠብ ምንጭ ነው። ጉቶው ከተቆረጠ በኋላ ድጋሚ ስለሚያቆጠቁጥ ገዢው እሳት እንዳያነድበት በውሉ ላይ ይግባ።

ገንዘቡ ሲገባ ሞዴል 64 (የገንዘብ ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጥለት፣ በማግስቱ ባንክ ይግባ። ባንክ ሩቅ ከሆነ ገንዘቡ ባንክ እስኪገባ የሚያዝበት ቦታና ቢበዛ ስንት ቀን እንደሚቆይ በቃለ ጉባኤ ይወሰን። ከገቢው ላይ በቀጥታ ወጪ ማድረግ፣ ማለትም ሣር ተሽጦ እዚያው ለአናጺ መክፈል፣ ገንዘቡ ለበጎ ቢውልም ጥፋት ነው።

ከወላጅ መዋጮ መሰብሰብ ይፈቀዳል?

በፈቃደኝነት ከሆነ፣ ወላጆች በጠቅላላ ጉባኤ ከወሰኑት፣ ይፈቀዳል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ነፃ አድርጎ ነበር፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ደግሞ ወላጅና ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤቱ አስተዳደር የሚገቡበትን መንገድ አስቀምጧል። መዋጮ ያልከፈለን ልጅ ከምዝገባ መመለስ ወይም የውጤት ካርዱን መከልከል ግን አይቻልም፤ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ቢወስንም።

በዓይነት የሚሰጥ እንጨት፣ ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት በገንዘብ ተተምኖ ይመዝገብ። አንድ ሰው አንድ ቀን ሲሠራ በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ማስላት ይበቃል። ይህ መዝገብ ወረዳውን ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ ስትጠይቁ «ኅብረተሰቡ ይህን ያህል አዋጥቷል» ብላችሁ የምታቀርቡት ማስረጃ ነው።

ገንዘቡ መጋቢት ላይ መጣ። ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት እንዴት እንጨርሰው?

መጀመሪያ የየትኛው ገንዘብ እንደሆነ ለዩ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ከወረዳ መደበኛ በጀት የተያዘና ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ በሰኔ 30 ይዘጋል፤ በተግባር ደግሞ ብዙ ወረዳዎች ከሰኔ መጀመሪያ በኋላ የክፍያ ጥያቄ አይቀበሉም። ስለዚህ የእናንተ ሰኔ 30 ግንቦት 30 ነው ብላችሁ ቁጠሩ። በትምህርት ቤቱ ሒሳብ የገባ የውስጥ ገቢ ግን ለቀጣዩ ዓመት ይሻገራል፤ የስኩል ግራንት ቀሪም በዓመቱ መመሪያ በተፈቀደው መሠረት ተመዝግቦ ይተላለፋል። ይህን የማያውቁ ትምህርት ቤቶች «እንዳይመለስብን» ብለው በሰኔ የማያስፈልግ ዕቃ ይገዛሉ፤ መጋዘን ውስጥ ያለው የደረቀ ቀለም ምስክር ነው።

ገንዘቡ እስኪመጣ ከመጠበቅ የዕቃ ዝርዝሩንና ዝርዝር መግለጫውን ታኅሣሥ ላይ ጨርሱ፤ ፕሮፎርማ ብቻ ይቅር፤ ዋጋው ስለሚያልፍበት። ሰሌዳ ማደስን ደግሞ ለክረምት አታቆዩት፤ ርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ይላቀቃል። የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም አትግዙ፤ ጠመኔ አይይዝም፣ ከጎን ለተቀመጠ ልጅም አይታይም።

ርዕሰ መምህሩ ተዛወረ። ሒሳቡን ማን ይዞት ይቆያል?

ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በጣምራ ፊርማ ስለሆነ አንዱ ፈራሚ ሲሄድ ገንዘቡ ይታሰራል። ፈራሚ ለመቀየር ባንኩ የወተመህ ወይም የቦርዱን ቃለ ጉባኤ፣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ደብዳቤና የአዲሶቹን ፈራሚዎች መታወቂያ ይጠይቃል። ይህ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ሲፈጅ ይታያል፤ ዝውውር የሚበዛበት ነሐሴና መስከረም ደግሞ ጠመኔ የሚገዛበት ወቅት ነው።

ተዛዋሪው ክሊራንስ (ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት) ከመውሰዱ በፊት ይህ ይፈጸም፦ የባንክ ሒሳብ መግለጫ ይወሰድ፣ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር፣ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ በስም ይዘርዘር፣ ያልተቆረጡ የሞዴል 64 ጥራዞች በተከታታይ ቁጥራቸው ተቆጥረው ይፈረምባቸው። ጥራዞቹን የሚቆጥረው ተዛዋሪው ብቻውን አይሁን፤ የወተመህ ሰብሳቢው አብሮ ይገኝ፣ የመጨረሻው የተቆረጠ ደረሰኝ ቁጥርም በርክክብ ሰነዱ ላይ በፊደልም በአኃዝም ይጻፍ።